የኮምፒውተር ማስነሻ ዝርዝርን በግራብ ከስተማይዘር ማስተካከል፦ ከመጫን እስከ ማንሣት

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ጎን ለጎን ሲጫኑ፣ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር የትኛው ይነሣ ብሎ የሚጠይቅ ዝርዝር ይመጣል። ይህን ዝርዝር የሚያቀርበው ግራብ የተባለው ማስነሻ ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱን ስንጭን ግራብም አብሮ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ኡቡንቱን ከላይ ያስቀምጣል፣ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ የሚነካው ሰው ካጣም ኡቡንቱን ያስነሣል። ለብዙ ሰው ይህ በቂ ነው። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ለሚሰጥ ሰው ግን አይመችም፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎቹ የለመዱት የአማርኛ መጻፊያና የማተሚያው ፕሮግራም ያሉት ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ ደንበኛ የሚያመጣውን በቫይረስ የተሞላ ፍላሽ ለመክፈት ብቻ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ ኡቡንቱ ውስጥ ከገባ፣ ጸሐፊው እንደገና ዘግቶ እስኪከፍት ድረስ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል።

ዝርዝሩን ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የግራብን ፋይሎች በእጅ መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው ግራብ ከስተማይዘር የሚባለውን ባለ መስኮት ፕሮግራም መጠቀም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ፕሮግራሙ በማውስ ብቻ ሁሉን የሚያስነካ በመሆኑ የሚያስፈራ አይመስልም፤ ከጀርባ የሚሠራው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ የምመክረው ጥቂት ነገር ብቻ መለወጥን፣ ከመለወጥ በፊትም ምትክ ቅጂ መያዝን ነው።

ስለ ትእዛዞቹ አጻጻፍ አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ከዚህ በታች ትእዛዞችን በግእዝ ፊደል የጻፍኩት እንደሚነበቡት ነው። ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ ሲጻፉ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፣ በቃላት መካከል አንድ ባዶ ቦታ እየተተወ፣ ሰረዙና እዝባሩ (/) ሳይዘለል መሆን አለበት። ተርሚናሉን ለመክፈት ኮንትሮል፣ አልትና ቲ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። የይለፍ ቃል ሲጠየቁ የሚጽፉት ነገር በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ በብዙ የኡቡንቱ እትሞች ላይ ኮከብ እንኳ አይወጣም። ቁልፍ ሰሌዳው የተበላሸ እየመሰላቸው የሚያቋርጡ ብዙዎች ናቸው፤ ጽፎ ኢንተርን መጫን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምትክ ቅጂ። ግራብ ዝርዝሩን የሚሠራው በሁለት ቦታ ካሉ ነገሮች ነው። አንደኛው /ኢቲሲ/ግራብ.ዲ የሚባለው ፎልደር ሲሆን፣ በውስጡ በተራ ቁጥር የተሰየሙ ትንንሽ ስክሪፕቶች (የትእዛዝ ፋይሎች) አሉ፤ በ10 የሚጀምረው የሊኑክስን ከርነሎች፣ ማለትም የሲስተሙን ዋና እምብርት፣ ይፈልጋል፣ በ30 የሚጀምሩት መካከል ያለው ኦኤስ-ፕሮበር የሚባለው ደግሞ ዊንዶውስንና ሌሎች ሲስተሞችን ያስሳል። ሁለተኛው /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ የሚባለው ፋይል ነው፤ የመጠበቂያው ሰከንድና በነባሪነት፣ ማለትም ሰው ሳይመርጥ፣ የሚነሣው ሲስተም የሚጻፉት እዚያ ነው። ግራብ ከስተማይዘር ሁለቱንም ይነካል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመጫንዎ በፊት «ሱዶ ሲፒ -ኤ /ኢቲሲ/ግራብ.ዲ ~/ግራብ-ባክአፕ» ብለው ፎልደሩን፣ ቀጥሎም «ሱዶ ሲፒ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ ~/ዲፎልት-ባክአፕ» ብለው ፋይሉን ወደ ራስዎ ፎልደር ይገልብጡ። በመጀመሪያው ትእዛዝ ውስጥ ያለችው ሰረዝ ኤ ትንሽ ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን የፋይሎቹን የባለቤትነትና የፈቃድ ሁኔታ እንዳለ መጠበቅ ነው። ግራብ አንድን ስክሪፕት የሚያስኬደው የመሮጥ ፈቃድ ሲኖረው ብቻ ስለሆነ፣ ፈቃዱ የጠፋ ቅጂ ሲመለስ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል።

በዚሁ ምክንያት ቅጂውን በቀጥታ ፍላሽ ላይ መጎተት አያዋጣም። አብዛኛው ፍላሽ ፋት32 ወይም ኤክስፋት በሚባል አሠራር የተዘጋጀ ነው፤ እነዚህ የሊኑክስን የፋይል ፈቃድ አይመዘግቡም። ፍላሽ ላይም ማስቀመጥ ከፈለጉ፣ ይመከራልም፣ መጀመሪያ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ አድርገው ታር በሚባለው ዓይነት ያጭቁት፤ የተጨመቀው ፋይል ፈቃዶቹን በውስጡ ይዞ ይቆያል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በየትኛው መንገድ እንደሚነሣ ይወቁ፤ በኋላ ችግር ሲመጣ መፍትሔው የሚለያየው በዚህ ነው። የፋይል ማሰሻውን ከፍተው /ሲስ/ፈርምዌር ውስጥ ይግቡ፤ ኢኤፍአይ የሚባል ፎልደር ካለ ማሽኑ በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም በአዲሱ የማስነሻ መንገድ፣ ተነሥቷል፤ ከሌለ በድሮው ባዮስ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ላፕቶፖች በአብዛኛው በዩኢኤፍአይ የሚነሡ ናቸው፤ ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡ አሮጌ ዴስክቶፖች ግን ከሁለቱም ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ መጫኑ። ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ዋይፋይ በሌለበት የስልክን ዳታ በሆትስፖት መክፈት ይበቃል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ትንሽ ነው፤ ዳታ የሚበላው የጥቅሎችን ዝርዝር ማደሱ ነው። በመጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ብለው ያድሱ፤ ከዚያ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ግራብ-ከስተማይዘር» ብለው ይጻፉ። በኡቡንቱ 20.04 ላይ ጥቅሉ ዩኒቨርስ በሚባለው ማከማቻ ውስጥ ስላለ ወዲያው ይጫናል። ተርሚናሉ ጥቅሉን ማግኘት አልቻልኩም ቢል ግን የኡቡንቱዎ እትም በማከማቻው ውስጥ አልያዘውም ማለት ነው፤ ይህ በሁሉም እትም አንድ ዓይነት ስላልሆነ አይደናገጡ።

ያን ጊዜ የሚቀረው የፕሮግራሙ ሠሪ በላውንችፓድ ላይ የከፈተውን የግል ማከማቻ፣ በተለምዶ ፒፒኤ የሚባለውን፣ መጨመር ነው። ላውንችፓድ ላይ የፕሮግራሙን ስም ፈልገው ገጹን ሲከፍቱ የማከማቻው አድራሻ ተጽፎ ያገኙታል፤ ከአንዲት ፊደል ስሕተት ለመዳን በእጅ ከመጻፍ ኮፒ ያድርጉት። በተርሚናሉ ላይ «ሱዶ አድ-አፕት-ሪፖዚተሪ» ብለው ከፊቱ የቀዱትን አድራሻ ይለጥፉ፤ ተርሚናል ላይ ለመለጠፍ ኮንትሮልና ቪ ብቻ አይሠራም፣ ሺፍትም ይጨመርበታል። ማከማቻው ከተጨመረ በኋላ ከላይ ያሉትን የማደስና የመጫን ትእዛዞች ይድገሙ። የግል ማከማቻ መጨመር ማለት ከኡቡንቱ ውጭ ያለ ሰው በማሽንዎ ላይ ፕሮግራም እንዲያስገባ መፍቀድ ስለሆነ፣ ከሌላ ሰው በቴሌግራም የተላከ አድራሻ አይጠቀሙ።

ፕሮግራሙን ከመተግበሪያዎች መካከል ፈልገው ሲከፍቱ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ከዚያ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ ሲፈትሽ ይቆይና ሦስት ገጽ ያለው መስኮት ይመጣል። የመጀመሪያው ገጽ የዝርዝሩን ተራ፣ ሁለተኛው ጠቅላላ ማስተካከያዎችን፣ ሦስተኛው መልኩን ይይዛል። አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል፤ እኔ ከሁለተኛው መጀመርን እመርጣለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቡሬው ጸሐፊ የሚፈልገው ዊንዶውስ በራሱ እንዲነሣ ነው እንጂ ከላይ እንዲጻፍ አይደለም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዊንዶውስን በቀስቱ ወደ ላይ ሲያወጡት፣ ፕሮግራሙ በ/ኢቲሲ/ግራብ.ዲ ውስጥ ያሉትን ስክሪፕቶች ቁጥር ይቀይራል፣ አንዳንዶቹን ወደ ሌላ ፎልደር ወስዶ በምትካቸው በመሐል የሚያጣሩ የራሱን ስክሪፕቶች ያስቀምጣል። ዝርዝሩ ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ግራብ ራሱ በዝመና ሲለወጥ አሮጌና አዲስ ስክሪፕት ተደራርበው አንድ ሲስተም ሁለት ጊዜ ሊጻፍ ወይም ከነጭራሹ ሊጠፋ ይችላል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን በነባሪነት የሚነሣውን መምረጥ በ/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ ውስጥ አንድ መስመር ከመቀየር አያልፍም። የሚፈለገው ውጤት አንድ ከሆነ፣ ትንሹን ለውጥ መምረጥ ብልኅነት ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ገጽ ላይ ነባሪው ምርጫ አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን የሚለውን ይያዙና ከተቆልቋዩ ዝርዝር ዊንዶውስን ይምረጡ፤ በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ስሙ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር ብሎ ይጀምራል። ምርጫው በተራ ቁጥርም በስምም ከቀረበልዎ፣ በስም ያለውን ይያዙ፤ በዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር ሲጨመር ተራው ይዛነፋል፣ ስሙ ግን አይነቃነቅም። ላፕቶፑን ብቻውን የሚጠቀም የባሕር ዳር ወይም የደብረ ማርቆስ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምርጫ አለው፦ ባለፈው ጊዜ የተነሣው ሲስተም አሁንም ይነሣ የሚለው። ለአንድ ሰው ማሽን ይህ በጣም ይመቻል፤ ብዙ እጅ በሚነካው ማሽን ላይ ግን ትናንት ማን በምን እንደዘጋው ስለማይታወቅ ግራ ያጋባል። ግራብ ያለፈውን ምርጫ መመዝገብ ያለበት ቡት በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ይህ ፎልደር ኤልቪኤም ወይም ቢቲአርኤፍኤስ በሚባሉ አሠራሮች ላይ ሲሆን ምርጫው አይያዝም።

ከሥሩ የመጠበቂያው ሰከንድ አለ። 10 የነበረውን 5 ማድረግ በቂ ነው። ዜሮ አያድርጉት፤ ዝርዝሩ ሳይታይ ስለሚያልፍ ኡቡንቱን መክፈት ሲያስፈልግ ማሽኑ እንደበራ ኢስኬፕን፣ በባዮስ ማሽን ላይ ሺፍትን፣ በትክክለኛው ቅጽበት መጫን ግድ ይሆናል።

መብራት በሚመላለስበት ከተማ ስለ ሰከንዱ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ኡቡንቱ እየተነሣ ሳለ መብራት ቢሄድ፣ ግራብ መነሣቱ እንዳልተሳካ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያስቀመጡትን 5 ሰከንድ ትቶ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ተጠቃሚው ማስተካከያው የጠፋ ይመስለዋል፤ አልጠፋም፣ ኡቡንቱ አንዴ በሰላም ሲነሣ ይመለሳል። ማሽኑ ግን ሁልጊዜ ዊንዶውስን የሚያስነሣ ከሆነ ኡቡንቱ እስኪከፈት ድረስ 30 ሰከንዱ እየቀጠለ ሊቆይ ይችላል። ይህን ለማሳጠር በዚሁ ገጽ ግርጌ ያለውን የላቀ ማስተካከያ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ በሚመጣው ሠንጠረዥ ላይ አዲስ መስመር ጨምረው በስሙ ቦታ «ግራብ_ሪከርድፌይል_ታይምአውት»፣ በዋጋው ቦታ 5 ብለው ይጻፉ። በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ስሞቹ በሙሉ የሚጻፉት በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ በቃላቱም መካከል ያለው ሰረዝ ሳይሆን የግርጌ መስመር ነው።

ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ከሌለስ? ይህ በ2021 ከወጣው የግራብ 2.06 እትም ወዲህ የተለመደ ነው። ከዚያ እትም ጀምሮ ግራብ ሌሎች ሲስተሞችን በራሱ እንዳያስስ ተደርጓል፣ ምክንያቱ የደኅንነት ስጋት ነበር፤ ኡቡንቱ 22.04ም ይህንኑ እትም ይዟል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን ፈልግ በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ያድርጉ። ምልክቱ ቀድሞም ኖሮ ዊንዶውስ ካልመጣ ወደ ላቀው ማስተካከያ ገብተው «ግራብ_ዲስኤብል_ኦኤስ_ፕሮበር» የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ ከሌለ ይጨምሩ፤ ዋጋውንም «ፎልስ» ያድርጉት። ከዚያ አስቀምጠው ፕሮግራሙን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት።

ወደ መጀመሪያው ገጽ ስንመለስ፣ እዚያ በደኅና ሊሠራ የሚችለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የማያስፈልጉትን መደበቅ ነው፤ ለምሳሌ የሚሞሪ መፈተሻው መስመር ጸሐፊን ከማወናበድ በቀር በየቀኑ አይጠቅምም። መስመሩን መርጠው ሲያስወግዱት ወደ ፕሮግራሙ የቆሻሻ መጣያ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም፤ ሲፈለግ ከዚያው ይመለሳል። ማስወገድ የሚለው ቃል ስለሚያስፈራ ግልጽ ላድርገው፦ ዊንዶውስን ከዝርዝሩ ማስወገድ ዊንዶውስን ከዲስኩ አይሰርዝም። ለኡቡንቱ የተጨማሪ አማራጮች መስመርን ግን አይደብቁት። አዲስ ከርነል ተጭኖ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር የሚያድነው በዚያ ውስጥ ያለው አሮጌው ከርነል ነው። አሮጌውን ከርነል ከዚያ አውጥቶ ወደ ዋናው ዝርዝር ማምጣትም ጥሩ አይደለም፤ ኡቡንቱ አሮጌ ከርነሎችን ሲያጸዳ መስመሩ የሚያስነሣው ነገር ያጣል።

ሁለተኛው ስም መቀየር ነው። በመስመሩ ላይ ደጋግመው ክሊክ ሲያደርጉ ስሙ ለመጻፍ ይከፈታል፤ በሰልፍ የቆመ ደንበኛ ላለበት ቤት «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር ኦን ዴቭ ኤስዲኤ1» ከሚል «ለጽሕፈት» የሚል ይሻላል። በአማርኛ መጻፍም ይቻላል፤ ግራብ በግራፊክስ ሲሠራ የሚጠቀምበት ዩኒፎንት የሚባለው ነባሪ ፊደል የግእዝ ፊደላትን ይዟልና፣ ፊደሎቹ በነጥብ የተሳሉ ቢሆኑም በደንብ ይነበባሉ። ይህ የሚሠራው በመልክ ገጹ ላይ ፊደሉን ሌላ ካላደረጉት ነው፤ ግእዝ የሌለው ፊደል ከመረጡ ስሙ በጥያቄ ምልክት ይሞላል። ነባሪውን ቀድመው በስም መርጠው ከሆነ ስሙን ከቀየሩ በኋላ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመልሰው ምርጫው አዲሱን ስም መያዙን ይመልከቱ።

የመልክ ገጹን በአጭሩ ልለፈው። የጢስ ዓባይን ወይም የጣናን ፎቶ ከጀርባ ማድረግ ይቻላል፤ ፎቶው በጄፔግ፣ በፒኤንጂ ወይም በቲጂኤ የተቀመጠ ይሁን፤ ጄፔግ ከሆነ ደግሞ ፕሮግረሲቭ የሚባለው ዓይነት አይሁን፣ ግራብ አያነበውም። ጽሑፉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነጭ አረፋ ያለበትን የፏፏቴ ፎቶ ከመረጡ ነጭ ፊደል ስለማይታይ የፊደሉን ቀለም አብረው ይቀይሩ። ገጽታ የሚባሉትን ከኢንተርኔት የሚወርዱ ጌጦች አልመክርም።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ከላይ አስቀምጥ የሚለውን ይጫኑ። ይህ ቁልፍ ካልተጫነ ምንም ነገር አልተለወጠም። ሲያስቀምጥ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ይሠራልና መስመሩ እስኪሞላ ይጠብቁት፤ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ባይጀምሩት ይመረጣል። ፋይል በሚለው ሜኑ ውስጥ ኤምቢአር (የዲስኩ መጀመሪያ ክፍል) ላይ ጫን የሚል ነገር ያገኛሉ፤ አይንኩት። ለባዮስ ማሽን ብቻ የታሰበ ነው፤ ዝርዝሩን ለመለወጥም አያስፈልግም።

ከዚያ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ያስነሡት፤ አንዴ ሳይነኩ ነባሪው በሰዓቱ መነሣቱን፣ አንዴ ደግሞ በቀስት ወርደው ሌላው መነሣቱን ለማየት።

ውጤቱ ካልጣመዎት ፕሮግራሙን ማራገፍ ብቻውን አይበቃም። «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ግራብ-ከስተማይዘር» ፕሮግራሙን ያነሣል፤ በ/ኢቲሲ/ግራብ.ዲ ውስጥ የቀየራቸውን ስክሪፕቶች ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል። ምትክ ቅጂው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ «ሱዶ ኤምቪ /ኢቲሲ/ግራብ.ዲ /ኢቲሲ/ግራብ-አሮጌ» ብለው የተነካካውን ፎልደር ገለል ያድርጉ፤ የመጨረሻውን ስም እንደፈለጉ በእንግሊዝኛ ይሰይሙት። ቀጥሎ «ሱዶ ሲፒ -ኤ ~/ግራብ-ባክአፕ /ኢቲሲ/ግራብ.ዲ» ብለው ንጹሑን ይመልሱ፤ የዲፎልቱንም ፋይል በተመሳሳይ መንገድ ወደ ቦታው ይገልብጡ፤ በመጨረሻ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» ይበሉ። ይህ ትእዛዝ ያገኛቸውን ከርነሎችና ዊንዶውስን በየመስመሩ እየዘረዘረ ይናገራል፤ ዊንዶውስ ካልተጠቀሰ ከላይ ያነሣሁት የኦኤስ-ፕሮበር ጉዳይ ነው።

ዝርዝሩ ጭራሽ ሳይመጣ ማሽኑ በቀጥታ ዊንዶውስ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ችግሩ ከግራብ ከስተማይዘር ላይሆን ይችላል። በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ትልቅ የዊንዶውስ ዝመና የማስነሻውን ቅደም ተከተል ለራሱ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ ወደ ማሽኑ ሴትአፕ ገብቶ ኡቡንቱ የሚለውን ከላይ ማድረግ ይበቃል። ተቃራኒው ሆኖ ዝርዝሩ ጠፍቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ግራብ የሚል ቃል ብቻ ከቀረና ደንበኛ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ጥገናውን ለማታ ትተው በማሽኑ የራሱ ማስነሻ ምርጫ ዊንዶውስን ይክፈቱ፤ በዩኢኤፍአይ የሚነሣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12ን ማሽኑ እንደበራ ደጋግሞ መጫን ነው። ማታ ደግሞ ኡቡንቱን በፍላሽ አስነሥቶ ቡት-ሪፔር የሚባለውን ፕሮግራም በመጫን የሚመከረውን ጥገና ማስኬድ ይቻላል፤ ለዚህም ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ የስልኩ ዳታ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።